ክርክር፦ የኬንያ ዜግነት በጎሳ በኩል መምጣቱ ልክ ነው?

መነሻ፦ ኬንያ በ2017 ማኮንዴ የሚባሉትን ሰዎች በአገሪቱ የጎሳዎች ዝርዝር ላይ «43ኛው ጎሳ» ብላ አወቀች፤ መታወቂያም ሰጠቻቸው። አገር አልባ የነበሩ ሰዎች ዜጋ ሆኑ። መንገዱስ ልክ ነው? (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የሕግ ተማሪዋ፦ አይደለም። በ1963 ነጻነት ሲመጣ ሕገ መንግሥቱ ያየው የትውልድ ቦታን ነው። አንተም፣ ከወላጆችህ አንዱም ኬንያ ከተወለዳችሁ በቀጥታ ዜጋ ትሆን ነበር። ለሌላው ነዋሪ ለመመዝገብ ሁለት ዓመት ተሰጠ።

የናይሮቢው፦ እህቴ፣ ወረቀቱ ላይ ልክ ነሽ። መታወቂያ የሚሰጠው ቢሮ ግን ሌላ ነው። ኑቢያኖችን ተመልከቺ። እንግሊዝ ከሱዳን ያመጣቸው ወታደሮች ዘሮች ናቸው። ናይሮቢ ያለው ኪቤራ የነሱ ሰፈር ነበር። ልጃቸው 18 ዓመት ሲሞላው ግን ዜግነቱን የሚያጣራ ኮሚቴ ፊት ይቆም ነበር። ማኮንዴዎችም ከሞዛምቢክ መጥተው በሲሳል እርሻ የሠሩ ናቸው። ያለ መታወቂያ ሲም ካርድ የለም፣ ኤም-ፔሳ የለም፣ ባንክ የለም። 43ኛ ቢባሉ ማን ይጎዳል?

የሕግ ተማሪዋ፦ ይጎዳል እንጂ! ከነጻነት ጀምሮ እዚያ የኖሩ አገር አልባዎች እንዲመዘገቡ የ2011 የዜግነት ሕግ ፈቅዶ ነበር። ሕጉ እያለ ሰሚ አጡ። በ2016 ማኮንዴዎች በባሕር ዳርቻ ካለችው ከኳሌ ተነሥተው ናይሮቢ ድረስ አቤት ለማለት መሄድ ነበረባቸው። መብት እንዲህ ይለመናል?

የታሪክ መምህሩ፦ ልጆች፣ ሥሩን እንይ። ጎሳን መታወቂያ ላይ የጻፈው የእንግሊዝ አገዛዝ ነው። ኪፓንዴ ይባል ነበር። አፍሪካዊው ወንድ በቆርቆሮ መያዣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይዞራል። ቆርቆሮው ቀረ፣ ነጻነትም መጣ፣ ልማዱ ግን ቆየ። እኔን የሚገርመኝ የእስያ ተወላጆች ጉዳይ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዜጋ የሆኑ አሉ። የእንግሊዝ ፓስፖርት ይዘው በቀሩት ላይ ደግሞ ለንደን በ1968 በሯን ዘጋች። ይህ ሁሉ አልፎ በ2017 «44ኛው ጎሳ» ተባሉ። ዜጋ ለሆነ ሰው ይህ ምን ይጨምርለታል?

የናይሮቢው፦ ጋሼ፣ «እንግዳ ነህ» መባል ይቀርለታላ! ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሞያሌዋ፦ ቦረና ነኝ። ዘመዶቼ በኬንያ በኩል አሉ። ጎሳችን ከድሮም ዝርዝሩ ውስጥ ነው፤ መታወቂያ ሲጠይቁ ግን ይጣሩ ነበር። የኬንያ ሶማሌዎችም እንዲሁ፤ በ1989 ለብቻቸው ተጣርተው ልዩ ካርድ ወጥቶላቸዋል። ፕሬዚዳንት ሩቶ ይህ ማጣራት እንዲቀር ያዘዙት በ2025 በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ፣ ዋጂር ላይ ነው። ወንድሜ፣ እስቲ መልስልኝ። ዝርዝር ውስጥ መግባት ሰውን የሚያድን ቢሆን ያ ትእዛዝ ለምን አስፈለገ?