ደብዳቤው ይነበብ ወይስ ይቅር?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ወገን። ለደሴው የንባብ ምሽታችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበረው ስዊድናዊው ዳግ ሐመርሾልድ ከፈረንሳዊው ባለቅኔ ከሴን-ዦን ፔርስ ጋር ከ1955 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። ሰውየው የዓለም ጣጣ በላዩ ላይ ነው፤ ለግጥም ወሬ ግን ጊዜ አላጣም። እናንብበው?

ኮምቦልቻዊ፦
ወዳጅነት ነው የምትለን? ሐመርሾልድ እኮ የሥነ ጽሑፍ ኖቤልን የሚሰጠው የስዊድን አካዳሚ አባል ነበር። ያሉት 18 ወንበሮች ናቸው፤ እሱ የተቀመጠው አባቱ በለቀቀው ላይ ነው። የወዳጁን «ክሮኒክ» የተባለ ግጥም ራሱ ወደ ስዊድንኛ መለሰው። በዚያው በ1960 ፔርስ ተሸለመ። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ! እኛ ወረዳ ቢሆን ስንት እንል ነበር።

የሐይቋ፦
ኧረ ተው አንተ። ታዋቂው ባለቅኔ ቲ. ኤስ. ኤሊየት የፔርስን ግጥም ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው በ1930 ነው። ያኔ ሐመርሾልድ ገና ወጣት ነበር። ሰው የወደደውን ባለቅኔ ቢያደንቅ ምን ነውር አለው?

ኮምቦልቻዊ፦
ያድንቅ። ድምፅ ሲሰጥ ግን ውጭ ይቁም።

የቦሩ ሜዳ ልጅ፦
እናንተ ሽልማት ላይ ቀርታችኋል። ፔርስ የብዕር ስም ነው። ሰውየው አሌክሲ ሌዤ ይባላል፤ ዲፕሎማት ነው። ከ1933 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዋና ጸሐፊ ነበር። ከሚኒስትሩ ቀጥሎ እሱ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1935) የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ጃንሆይ እዚሁ ነበሩ። ቀይ መስቀል የተሰቀለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በሁለተኛው ቀን ፓሪስ ላይ የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫልና የእንግሊዙ አቻው ሆር ከኢትዮጵያ መሬት ቆርሰው ለሙሶሊኒ ሊሰጡ ተስማሙ። ደሴ ጭሱ ሳይጠፋ! ላቫል የማን መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ነበር? የባለቅኔው። እንግዲህ እዚሁ ደሴ ተቀምጠን የሱን ደብዳቤ ልናጣጥም ነው?

ጦሳ ሥር፦
ወላሂ ይሄን አላሰብኩትም።

ጡረተኛው መምህር፦
አብሽሩ ልጆቼ። የተስማማው ላቫል ነው። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሕዝቡ ሲንጫጫ ሆር በታኅሣሥ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ላቫልም በጥር ወደቀ። ሌዤን ደግሞ በ1940 እ.ኤ.አ. ለጀርመን ያደረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ዜግነቱን ገፈፈው። አሜሪካ ተሰደደ። ሐመርሾልድ የተወዳጀው ይሄን ቤቱ የፈረሰበትን ሰው ነው። ያ «ክሮኒክ» የተባለው ግጥም እርጅናን በሩ ላይ ቆሞ የሚቀበል ሰው ነገር ነው። ዕድሜዬ ሆኖ ይሆናል፣ እኔን ነክቶኛል።

የቦሩ ሜዳ ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎን አልሞግትም። ግን «ሚኒስትሩ ነው» ከተባለ ያ የወረዳው ጸሐፊም «አለቃዬ ነው» ብሎ ይገላገላል። መሬቴን ያስነጠቀኝ ማኅተም እኮ በራሱ አልተመታም።

የሐይቋ፦
እሱስ እውነት ነው። ሐመርሾልድን ግን አብራችሁ አትቅበሩት። ኮንጎ የዘመቱት የእኛ ወታደሮች እሱ በሚመራው ድርጅት ባንዲራ ሥር ነው የሄዱት። እሱም እዚያው ጉዳይ ላይ እያለ መስከረም 1961 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ዛምቢያ ንዶላ ከተማ አጠገብ አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ። ደብዳቤውም በዚያው ቆመ።

ኮምቦልቻዊ፦
እኔ የድምፁን ነገር አልተውኩም።

ጡረተኛው መምህር፦
አትተው። መጥተህ ተናገር።

ጦሳ ሥር፦
እንግዲያው ደብዳቤው ይነበብ። ከሱ በፊት ግን የቦሩ ሜዳ ልጅ የኅዳር 26ን ነገር ይተርክልን። ይስማማሃል?

የቦሩ ሜዳ ልጅ፦
መጀመሪያ እኔ ከሆንኩ እመጣለሁ።

የሐይቋ፦
ቡናው በእኔ። ዕጣን የሌላው ሰው ነው፤ ባለፈው እኔው ነኝ የገዛሁት።