ባለ 36 ፊልም 72 ፎቶ ያነሳል እንዴ?

የጉለሌዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅዳሜ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ አንዲት ኦሊምፐስ ፔን ኢኢ-3 የፊልም ካሜራ በ40 ዶላር አነሳሁ። ባትሪ ማስገቢያ ብፈልግ ብፈልግ የላትም። በመመልከቻዋ ሳይ ደግሞ ሁሉም ነገር በቁመት ነው። ተበላሽታ ይሆን? ሻጩ «ባለ 36 ፊልም 72 ታነሳልሻለች» ሲለኝ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ለገና አገር ቤት ስለምሄድ እማዬን በፊልም ላነሳት አስቤ ነው። እስቲ የምታውቁ?

ጋሽ ኔጋቲቭ፦
ሻጩ አልዋሸሽም እህቴ። ግማሽ ፍሬም ናት። የተለመደው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ፎቶ 24 በ36 ነው፤ ያንቺዋ ያንን ለሁለት ከፍላ 18 በ24 ታደርገዋለች፣ ለዚህ ነው በቁመት የምታይው። የጎን ፎቶ ካማረሽ አጋድመሽ ያዣት። ባትሪ አያስፈልጋትም። ሌንሷን ዙሪያውን የከበበው ዶቃ መሳይ ነገር ሴሌኒየም ነው፣ ብርሃን ሲያገኝ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ግን እሱም ያረጃል፣ ያንቺ ሞዴል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነዋ! ፊልም ሳትገዢ ፈትኛት። የሌንሷን ቀለበት ኤ (ራሷ ብርሃኑን የምትመጥንበት) ላይ አድርጊና የኋላዋን ጥርሳም ጎማ በአውራ ጣትሽ እስክትቆም አዙሪ፣ ከዚያ ሌንሷን በእጅሽ ሸፍነሽ ተጫኚ። መመልከቻው ውስጥ ቀይ ምላስ ብቅ ብላ አላነሳም ካለች ደህና ናት። ፀሐይ ላይ ደግሞ ቀጭ ማለት አለባት።

ቤቲ 72፦
ሴሌኒየሙ ቢሞትም እንዳትጥያት። የኔዋ ከሞተች ቆየች፣ ቀለበቱን 22 (ትንሿ የብርሃን ቀዳዳ) ላይ አድርጌ በ100 ወይም በ200 ፊልም (ቁጥሩ ፊልሙ ብርሃን የመቀበል አቅሙ ነው) ደማቅ ፀሐይ ላይ አነሳባታለሁ። ከኤ ስትወጣ የመዝጊያዋ ፍጥነት 1/40 ሰከንድ ስለሆነ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ ብቻ። የርቀት ማስተካከያ የላትም፣ ከአንድ ሜትር ተኩል በታች አትጠጊ። እኔ የመጀመሪያውን ፊልም የልጄን ፊት አፍንጫው ድረስ ተጠግቼ አንስቼ አንስቼ ሳሳጥበው 72 ጭጋግ ታቀፍኩ። ሲያልቅ ደግሞ ከሥር ያለችውን ቁልፍ ተጭነሽ መልሰሽ ሳትጠቀልይ ክዳኑን እንዳትከፍቺ፣ ይቃጠላል።

ሸገር በፊልም፦
ፊልሙን ከሚጫን ሻንጣ ጋር እንዳትልኪው፣ ኤክስሬዩ ያበላሸዋል። አዲሶቹ የአየር ማረፊያ ሲቲ ስካነሮች የእጅ ሻንጣውንም አይምሩም፣ «በእጅ ፈትሹልኝ» በያቸው። ፊልሙን ካሜራው ውስጥ የምትከቺው አዲስ አበባ ከገባሽ በኋላ ይሁን። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ቀይዋ ምላስ መውጣቷ አይቀርም፣ እናትሽን ወደ በረንዳ አውጪያቸው። ስታሳጥቢም «ግማሽ ፍሬም ነው» በይ፣ ካልሆነ ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ ስካን ያደርጉታል። እኔ እንኳን እሱን ነው የምወደው፦ በግራ ቡና ሲቆሉ፣ በቀኝ ሲቀዱ።

የጉለሌዋ፦
ቀይዋ ወጣች! ደጅም ቀጭ አለች! 200 ልግዛ 400?

ጋሽ ኔጋቲቭ፦
400። ቀለበቷ ላይ ያለው የፊልም ቁጥር መጨረሻም እሱ ነው። አንድ ይበቃሻል፣ 72ቱን ሳትጨርሽ ፋሲካ ይደርሳል።