የምሳ ዕቃ ሰላጣዬ ውሃ እያቋተ አስቸገረኝ

ኮዬ ፈጬ ነኝ። ጠዋት 12 ሰዓት የሚታሰር፣ 6 ሰዓት የሚበላ ምሳ ነው። ያለኝ 2 ኩባያ የተቀቀለ ድፍን ምስር፣ 3 ድንች፣ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ 2 ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ዘይትና ሰናፍጭ።

ጎመኑን በ1 የሻይ ማንኪያ ጨው አሽቼ፣ 20 ደቂቃ አቆይቼ ስጨምቀው ችግሩ ተፈታ፤ እስከ ምሳ ኮሽ ይላል። ድንቹም በትኩሱ ሎሚና ዘይት ሲነካው ጣዕሙን ይጠጣል። ጣጣው ቲማቲሙ ነው። ፍሬውን አውጥቼ ብከትፈውም ጨው ስለሚስበው ውሃው ከሥር ይጠራቀማል፣ ሰናፍጩም ይቀጥናል። ከሥር 1 እፍኝ ድርቆሽ አነጠፍኩ፤ ውሃውን መጠጠ፣ ግን ፍትፍት ሆኖ አረፈው (ፍትፍት ቢያምረኝማ እንጀራ ነበረ)። ያለ ቲማቲም ደግሞ ምስሩ ጉሮሮ ላይ ይደርቃል።

ውሃ ሳይተፋ ምስሩን የሚያረጥብልኝ፣ ከጉልት የሚገኝ ምን ልተካበት?