«በቀለ» ማለት ምን ማለት ነው? የልጄ የቤት ሥራ ነው

ጠያቂ (የማርታ እናት)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሜሪካ ነው። የ7 ዓመት ልጄን «የቤተሰብ ስምሽን ትርጉም ጠይቀሽ ነይ» ብለዋታል። ወረቀቷ ላይ ያለው በቀለ ነው። በቀለ ግን የባለቤቴ አባት ናቸው እንጂ የዘር ስም አይደለም! ደግሞ ልጆቹ «የሯጩ ዘመድ ነሽ?» ይሏታል። ለዓርብ ስለሆነ ድረሱልኝ።

ጋሽ አራት ኪሎ፦ ዘሩ በቀለ፣ ሳሩ በቀለ የምንለው ነው እህቴ። ቡቃያም፣ በቆልትም፣ የጠላው ብቅልም ከዚያው ናቸው። እናቴ ገብሱን ነክራ በኮባ ቅጠል ትሸፍነው ነበር። በሦስተኛው ቀን ገለጥ ስታደርገው ነጫጭ ጭራ አውጥቶ ይታያል። በቀለ ማለት ያ ነው። ቂም በቀልን እርሺው፤ ልጅ ሲወለድ የሚታሰበው ቡቃያው ነው። በላቲን ሲጻፍ «ቀ» ወደ «ከ» ስለሚላላ፣ አጠራሩንም አስተምሪያት።

የበቆጂ ልጅ፦ ዝምድናውን በተመለከተ፦ ቀነኒሳ በቀለና ታሪኩ በቀለ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ድምፃዊቷ ሂሩት በቀለ ግን በአባት ስም ብቻ ነው የምትገጥማቸው። በእኛ ልማድ የቀነኒሳ ልጅ «እከሊት ቀነኒሳ» ነው የምትባለው፤ በቀለ አያት ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. የ1983ቱን የዓለም አገር አቋራጭ ያሸነፈው በቀለ ደበሌ ደግሞ በቀለ የራሱ ስም ነው።

አንድ ልጨምር። ቢቂላም በኦሮምኛ ከመብቀል የመጣ ነው። አበበ ቢቂላን አስቢው እስቲ፦ አባት በቀለ፣ ልጅ አበበ! ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ደግሞ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ይህን ስነግር ሁሌ ይወረኛል።

እማማ ሦስት ልጅ፦ ከቤት ሥራው ውጭ ላስቸግርሽ። አንቺና ልጅሽ የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ነው ያላችሁ አይደል? ብቻሽን ይዘሻት ስትበሪ የልደት ምስክር ወረቀቷን ያዢ። እኔን ኤርፖርት ላይ «ልጅሽ ለመሆኗ ማስረጃ?» ብለው አቁመውኛል። ልጅቷ «እማዬ!» እያለች ቀሚሴን እየጎተተች እኮ ነው!

ለዓርብ ደግሞ ባቄላ ንከሪላት። ውኃውን አጥልለሽ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኚው። ያቆጠቆጠውን ይዛ ትሂድና «ስሜ ይሄ ነው» ትበል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ባለቤቴ የአባቱን ስም ትርጉም ዛሬ ገና አሰበው፣ ጉድ ነው። ባቄላ ግን ቤት የለም። ምስር ይሆናል?

እማማ ሦስት ልጅ፦ ይሆናል፣ እንዲያውም ይፈጥናል። ድፍኑን ግን። ክክ ከነከርሽ ዓርብ ወጥ ይዛ ነው የምትሄደው።