ሴኮንድ ላይፍ ላይ ሮል ፕሌይ የምትጫወቱ፣ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሴኮንድ ላይፍ በሚባለው የኢንተርኔት ምናባዊ ዓለም ውስጥ በአንዲት የመካከለኛው ዘመን ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ሆኜ፣ ገጸ ባሕርይዋን በጽሑፍ እየተወንኩ (ሮል ፕሌይ) ነው የምጫወተው። መሠረታዊውን አውቃለሁ፤ ድርጊት በስላሽ ሚ (/me) ይጀመራል፣ ከገጸ ባሕርይው ውጭ ያለ ወሬ ድርብ ቅንፍ ውስጥ ይገባል፣ ተራ ቻት እስከ 20 ሜትር፣ ጩኸት ደግሞ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል።

የቸገረኝ መሀል መግባቱ ነው። መጠጥ ቤቱ ውስጥ አራት አምስት ሰው እየተጻጻፈ እኔ «በሩን ከፍታ ገባች፤ ካባዋ ላይ ያለውን ዝናብ አራገፈች» ብዬ እጽፋለሁ። ዝም! ዞር ብሎ የሚያየኝ እንኳ የለም። ተራ ልጠብቅ? ወይስ ቀድሞ በግል መልእክት «ልቀላቀል?» ማለት ነው ወጉ?

ደግሞ አንዱ ተጫዋች አለ፣ «ገፍትሮ ጣላት» ብሎ የእኔንም መውደቅ ራሱ ይወስናል። «ሊጥላት ገፈተራት» ቢል እኮ መውደቅ አለመውደቄን እኔ እጽፍ ነበር። ሳንጣላ እንዴት ልንገረው? ለዚህ ብሎ የቦታው ኃላፊዎች ጋ መሄድ የበዛ መሰለኝ።

እንግሊዝኛ ስጽፍም ቀርፋፋ ነኝ፤ አንድ አንቀጽ እስክጨርስ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። አንድ መስመር ብቻ መጻፍ ያስነውራል እንዴ?