የምኒልክ ብር ሁለት ግራም ጎደለኝ

የብር ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩት ከአያቴ የአንገት ጌጥ ላይ በወረስኩት አንድ ጠገራ (የማሪያ ትሬዛ) ብር ነው። ያኔ ከሻጭ ጋር የምንከራከረው ስለ ዓመተ ምሕረቱና ስለ ይዞታው ነበር። ዘንድሮ የብር ማዕድን ዋጋ ጣሪያ ነክቷል። ሻጩ ቀድሞ የሚያነሳው ሚዛኑን ነው። አንዳንዱማ አንጥረኛ ጋ ወስዶ ያስቀልጠዋል፣ ይሄ አንጀቴን ይበላዋል።

ባለፈው ሳምንት የ1889ኙን የምኒልክ ብር አገኘሁና ቀብድ ከፈልኩ። አንበሳው በደንብ ይታያል። የንጉሡ ዘውድ ግን ተፍቋል፣ ጫፉ ላይም የማንጠልጠያ ብየዳ ጠባሳ አለ። ማግኔት አስጠጋሁበት፣ አልሳበውም። ችግሩ ሚዛን ላይ መጣ። ወደ 28 ግራም መሆን ሲገባው 26.1 ግራም ብቻ ሆነ። ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ የአያቴን ጠገራ አስቀመጥኩ፤ እሱም ወደ 28 ግራም መሆን ያለበት ነው፣ 27.8 አለ። ስለዚህ ሚዛኑ ደህና ነው።

አንጥረኛው "በሞረድ ጫር አድርጌ ልየው" አለኝ፣ እምቢ አልኩ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሳንቲም እንዴት ይሞረዳል? ሻጩ ደግሞ ሙሉውን ሂሳብ እስከ ቅዳሜ ካልከፈልኩ ለሌላ እንደሚሰጠው ነግሮኛል። ቀብዱም አይመለስም።

የምኒልክ ብር በእጃችሁ ያለና የመዘናችሁ፣ በአንገት ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ ሳንቲም በመፋተግ ብቻ ሁለት ግራም ሊቀንስ ይችላል ወይስ የያዝኩት ፎርጅድ ነው?