ለ7 ዓመት ልጄ የቱን የመኪና መቀመጫ ልግዛ?

ጤና ይስጥልኝ። ከደሴ ነኝ። ልጄ 7 ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ 118 ሳንቲ፣ ክብደቷ 22 ኪሎ። የሕፃን መቀመጫዋ ጠቧታል። ያለ እሱ ሳስቀምጣት ደግሞ ቀበቶው አንገቷን ይከረክራታል፣ የወገቡ ቀበቶ ደግሞ ሆዷ ላይ ይወጣል። ባለፈው የሐረጎን ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ዞር ብል ቀበቶውን በብብቷ ሥር አሳልፋዋለች። ክው አልኩ!

1 ሜትር ከ50 ገደማ እስክትደርስ ቡስተር (ቀበቶው በትክክል እንዲያርፍ ልጅን ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ) እንደሚያስፈልጋት ገብቶኛል። የቸገረኝ ምርጫው ነው። መኪናችን አሮጌ ኮሮላ ነው፤ የኋላው መሃል ቀበቶ የወገብ ብቻ ስለሆነ ለቡስተር አይሆንም። ስለዚህ ጥግ ትቀመጣለች። ደግሞ እንቅልፋም ናት፤ ሐይቅ ሳንደርስ አንገቷ ይዘነበላል። ጀርባ ያለውን ልግዛ ወይስ መቀመጫው ብቻ ይበቃል? አንድ ሰው ያገለገለ በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው፤ ግጭት ደርሶበት እንደሆነ ግን አያውቅም። እናቴማ «እኛ አይሱዙ ላይ ተጭነን አይደል ያደግነው?» ትለኛለች። እስቲ የገዛችሁ ንገሩኝ።